ማሽኗ ስንት ጀሪካን ትጠጣለች?

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ እትዬ የምላቸው አክስቴ ቤት አንዲት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለች። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ገንዘብ ልካ፣ አዲስ አበባ ላይ ተገዝታ፣ በአይሱዙ ተጭና ከመጣች ሦስት ዓመት አልፏታል። አናቷ ላይ እትዬ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል፤ ዳንቴሉ ላይ ሬዲዮና የፕላስቲክ አበባ ተቀምጠዋል። ክቧን የመስታወት በር ከፍቼ ወደ ውስጥ ባይ፣ ሁለት ብርድ ልብስና ለክብር ቀን የተቀመጠ አንድ ጋቢ ተጣጥፈው አገኘሁ። ቁም ሳጥን ሆና አረፈችው!

«እትዬ፣ ለምን አያጥቡባትም?»

«በምን ውሃ ልጄ? ይቺ እኮ እንደ በሬ ነው አሉ የምትጠጣው።»

«አሉ» የምትለዋ ቃል ናት ይህን ሐተታ ያስጀመረችኝ። ማን አለ? ስንትስ ትጠጣለች? መልሱ እዚያው ማሽኗ ግንባር ላይ ነበር፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የተለጠፈባት፣ ማንም ያልላጠው፣ ማንም ያላነበበው ባለ ቀለም ወረቀት። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚወርዱ ቀስቶች አሉት፤ ከቀስቶቹ ሥር ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረዋል። ከሥዕሎቹ አንዷ ቧንቧ ናት፤ አጠገቧ 48 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ለአንድ እጥበት 48 ሊትር ማለት ነው። በእኛ መስፈሪያ ሁለት ጀሪካን ተኩል እንኳ አይሞላም።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ልብስ አጣቢዋ ስትመጣ ደጁ ላይ በርጩማ ስቤ ቆጠርኩ። ማሽኗ ትይዘዋለች ያልኩትን ያህል ልብስ በሳፋ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቃ እስክታሰጣ ድረስ ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ባዶ ሆነ። 100 ሊትር። ታዲያ በሬዋ ማን ናት?

ይህን ለእትዬ እንደ ትልቅ ግኝት ስነግራቸው ሳቁብኝ። አልተሳሳቱም። እኔ ጀሪካኑ ሲገለበጥ እንጂ ውሃው ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ አልቆጠርኩም። ነጩ ልብስ የታጠበበት ውሃ ባለ ቀለሙን አጥቧል፤ ባለ ቀለሙ ያጠቆረው ካልሲና የወጥ ቤት ጨርቅ ተዘፍዝፎበታል፤ የማለቅለቂያው ውሃ ሲሚንቶውን ወለል ወልውሏል፤ የተረፈው በባልዲ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ተቀምጧል። ያ 100 ሊትር ማለት አምስት ሥራ የሠራ ውሃ ነው። የማሽኗ 48 ሊትር ግን አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ በጎማዋ በኩል ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ወርዶ ይቀራል። የትኛውም አገር የውሃ ቁጠባ ምልክት ይህን የጎንደር ሴቶች ሂሳብ አያውቀውም።

በውጭው ዓለም ይህ ምልክት የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። አውሮፓውያን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ የኃይልና የውሃ ፍጆታ መለጠፍ ከጀመሩ ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ሊሆናቸው ነው፤ እትዬ ቤት ያየሁትና እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ ወረቀት ከኤ እስከ ጂ ደረጃ እየሰጠ ለአንድ እጥበት የሚሄደውን ሊትር ለብቻው ያሳያል። አውስትራሊያን የገፋፋት ድርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሕግ አወጣች፤ ከ2006 አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የሻወር ራስም ሆነ የሽንት ቤት መቀመጫ ወይም የልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ከአንድ እስከ ስድስት ኮከብ ያለበትን ምልክት ሳይለጥፍ መሸጥ አይችልም። ሲድኒ ውስጥ ደግሞ ኮከቡ የበዛ ማሽን ለገዛ ቤተሰብ 150 ዶላር የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ውሃዋን በከፊል ከማሌዥያ የምትገዛው ሲንጋፖርም እ.ኤ.አ. በ2011 የልብስ ማጠቢያ ማሽንን በዚሁ ግዴታ ውስጥ አስገባች። የእነዚህ ሁሉ አገሮች ጭንቀት አንድ ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት ሁልጊዜ ውሃ ስላለ ሰው እንዳያባክን። የጎንደር ቧንቧ ይህ ችግር የለበትም።

ከተማዋን ያጠጣ የኖረው አንገረብ ግድብ ነው። ግድቡን ደግሞ ደለል ሲበላው ኖሯል፤ ከተራቆተው ተዳፋት በየክረምቱ የሚወርደው አፈር ውሃው ሊተኛበት የሚገባውን ቦታ እየያዘው መጥቷል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲጓተት ከረመ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207,044 ነዋሪ የነበራት ጎንደር ዛሬ ወደ አዘዞ በኩል ምን ያህል እንደተለጠጠች መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ እንዲህ ላሉ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ያስቀመጠው ግብ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር ነበር፤ አራት ጀሪካን። ለገጠር ደግሞ 25 ሊትር፣ ያውም ከአንድ ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ።

በተግባር ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። እትዬ ቤት አድሬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቧንቧው ያፏጫል፤ አየሩ እየወጣ ነው። ያን ፉጨት የሰማ የመጀመሪያው ሰው ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ እያለ እስከ ትልቁ ድስት ድረስ ይሞላል። አውቶማቲክ ማሽን የተሠራችው ግን ቀን ላይ፣ ሰው ባሻው ሰዓት ቁልፏን ተጭኖ እንዲሄድ ነው።

ስለዚህ የእትዬ ማሽን ቁም ሳጥን የሆነችው ብዙ ስለምትጠጣ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ግፊት ነው። አብዛኞቹ አውቶማቲክ ማሽኖች ውሃ ለመሳብ ቢያንስ ግማሽ ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ይህ ማለት የውሃው ታንከር ከማሽኑ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። የእትዬ ሮቶ የቆመችበት የብረት ማማ ከጣሪያው ብዙም አይበልጥም፤ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ማሽኗ ተከፈተች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ጮኻ ቆመች። የቤቱ ሰው «ተበላሽታለች» ብሎ ዳንቴል አለበሳት።

ሌላው መብራት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 48 ሊትር የሚገኘው በቆጣቢው ፕሮግራም ሲታጠብ ነው፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ሦስት ሰዓት ተኩል መብራት ሳይጠፋ ይቆያል ብሎ ሳሙና የሚጨምር ጎንደሬ ደፋር ነው። ስለዚህ ሰው አጭሩን ፕሮግራም ይጫናል፤ አጭሩን ሲጫን ምልክቱ የተናገረው ቁጥር ውሸት ይሆናል። ኦሞው ላይም እንዲሁ ነው። ለእጅ እጥበት የተሠራ፣ በአረፋው የሚኩራራ ዱቄት ሳሙና ከማሽን ጋር አይስማማም። አረፋው ሲበዛ ማሽኗ ታውቀውና ደጋግማ ለማለቅለቅ ውሃ ትጨምራለች።

እንዲያውም የእኛን ቤት የሚያውቀው ማሽን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ገንዳው፣ ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው፣ ሱቅ ውስጥ ወደ ጥግ የሚገፋው ፕላስቲክ። በአንዱ ገንዳ ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል። ግፊት አይጠይቅም፤ በጀሪካን ትሞላዋለህ። መብራት ቢጠፋ ክዳኑን ከፍተህ በእጅህ ትጨርሳለህ። ከሁሉም በላይ በአንድ ገንዳ ውሃ ነጩን፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ካልሲውን ማጠብ ይቻላል፤ የእትዬ ሂሳብ ሳይፈርስ። በውጭው የኮከብ ሚዛን ይህ ማሽን ምስኪን ነው፤ ገንዳው አንዴ ሲሞላ የሚይዘው ውሃ ብቻ ተቆጥሮ ይጣላል። አውስትራሊያዊው ኮከብ ደግሞ ውሃውን በኪሎ ልብስ ስለሚያካፍል ትልቅ ማሽን ከትንሹ የተሻለ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አሥር ኪሎ ይይዛል የተባለውን ገዝቶ አራት ኪሎ የሚያጥብበት ቤተሰብ ኮከቡን ገዛ እንጂ ውሃ አላተረፈም።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ስለ ኪሎው፣ ስለ ዋቱ፣ ስለ ዋስትናው አንደበተ ርቱዕ ነበር። «ውሃስ ስንት ይወስዳል?» ስለው ትከሻውን ሰበቀ። «አውቶማቲክ እኮ ነው፤ ራሱ ያውቃል!»

መንግሥት ከዚህ ማሽን ጋር የሚገናኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጉምሩክ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽንን 30 በመቶ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ደግሞ 80 በመቶ ይቀርጥ ነበር። ማሽኑ 50 ሊትር ይጠጣ 150 ታክሱ ያው ነበር፤ የቅንጦት ዕቃ ነውና ይክፈል፣ አለቀ። ያን አዋጅ የተካው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1186 መኪና ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን ከፈተ፤ ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው እያለ ይለያል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገው። ተገጣጥሞ ያለቀለት ሲገባ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ የተበታተነው ምንም። ውጤቱን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወጥቶ ማየት ነው።

መኪናን በምትጠጣው መለየት ከተቻለ፣ ማጠቢያ ማሽንን በምትጠጣው መለየት ምን ያቅታል? ማበረታቻ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ገንዘብ መስጠት ነው። የሲድኒውን 150 ዶላር ዓይነት ድጎማ ለጎንደር አልመክርም። ከቦኖ በጀሪካን የምትቀዳ እናት የምትከፍለው ግብር ቪላ ቤት ላለ ሰው ማሽን መግዣ ሊሆን አይገባም። የቀረጡ ልዩነት ግን ከማንም ኪስ አያወጣም፤ ብዙ የምትጠጣው ትወደድ፣ ጥቂት የምትጠጣው ትርከስ፣ በጀሪካን የምትሞላዋ ባለ ሁለት ገንዳ ደግሞ ከሁሉም ትርከስ። ከላይ የሚከፈቱት አሮጌ ሞዴሎች ለአንድ እጥበት 150 ሊትር ድረስ ይወስዳሉ፤ ሰባት ጀሪካን ተኩል። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ሚዛን ይህ የአንድ የገጠር ሰው የስድስት ቀን ድርሻ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሌላ አገር ገበያ ሲጠበው ወደኛ እንዳይጎርፍ የሚያግደው ከወደብ ላይ ያለ ወረቀት ብቻ ነው።

ምልክት የማውጣቱ መንገድ ደግሞ አዲስ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የብቃት ደረጃና ምልክት የማውጣትን ሥልጣን ሰጥቷል፤ ያኔ የኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤትም በአገራችን ወጥ ቤት ትልቁን ኃይል የሚበላውን የእንጀራ ምጣድ ይዞ ነበር የተነሳው። ትክክለኛ አጀማመር ይመስለኛል። አውሮፓ ፍሪጅን አስቀደመች፤ እኛ ምጣድን። ለውሃም እንዲሁ ከራስ ጓዳ መነሳት ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ የሚያስታውስ፣ ወዲያው የመጣውን የአምፖል ልውውጥም ያስታውሳል፤ የያኔው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ ሰጠ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ተለወጠ። አዲስ ግድብ እስኪያልቅ መጠበቅ ስላልተቻለ ነበር።

ውሃ ላይ ያ ዘመቻ ቢደረግ ግን ከቤት ማሽን አልጀምርም። ከሆቴል ነው የምጀምረው። ጥምቀት ሲደርስ በጎንደር ሆቴሎች አልጋ አይገኝም፤ አንሶላው፣ ፎጣው፣ የጠረጴዛው ልብስ በየቀኑ ይታጠባል፤ ቧንቧው ዝም ካለ ደግሞ ውሃው በቦቴ እየተገዛ ነው። አንድ የሆቴል ላውንደሪ በቀን የሚያወጣው ውሃ የስንት ቤት ቅዳሜ እንደሚሆን ባለሆቴሎቹ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የቦቴውን ሂሳብ የሚከፍሉት እነሱ ናቸውና። ለዚህ ሰው ስለ ቁጠባ ስብከት አያስፈልገውም። ቆጣቢውን ማሽን ሲያስገባ ቀረጥ ይቅለልለት፤ የማለቅለቂያውን ውሃ አጠራቅሞ ለቀጣዩ ዙር መዘፍዘፊያ የሚያደርግ ታንከር ቢሠራ ደግሞ ከታሪፉ ላይ አንድ ነገር ይነሳለት።

ስለ ታሪፍ ካነሳሁ፣ አንድ ስሌት። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ 50 ጀሪካን ነው። ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጋሪ ገፊው አንዱን ጀሪካን በ20 ብር አመጣው እንበል፤ ሜትር ኪዩቡ አንድ ሺህ ብር መጣ ማለት ነው። ቆጣሪ ካለው ጎረቤት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የውሃ ቁጠባ ምልክት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ቆጣሪ ለሌለው ሰው ነበር፤ እሱ ግን ማሽን የለውም።

ከጎንደር ወጥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የደረሰ ሰው ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። የወንዙ ውሃ ጣት ይቆርጣል፤ ክረምት ላይ የታጠበ ጋቢ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እርጥብ ነው። እዚያ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብትገባ ከሁሉ የምትወደደው ክፍሏ ማጠቢያዋ አትሆንም፤ መጭመቂያዋ ናት። ሴቶቹ ከወንዝ ዳር የሚያጥቡት ውሃ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ተሸክሞ ቤት ማምጣት ልብሱን ተሸክሞ ወንዝ ከመውረድ ስለሚከብድ ነው። አንድ እጥበት አምስት ጀሪካን ከሆነ 100 ኪሎ ሸክም ነው፤ ልብሱ ደርቆ ሲሄድ ከአሥር ኪሎ አይበልጥም።

ወንዝ ሲነሳ እንዶድ አለ። እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያረፋ፣ ከዱቄት ሳሙና በፊት የሸማውን ንጣት የጠበቀ ፍሬ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው ያን ሁሉ ምርምር የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እሳቸው ያዩት የእጥበቱን ውሃ መጨረሻ ነው። የዛሬው ምልክት ስንት ሊትር እንደገባ እንጂ የወጣው ምን እንደያዘ አይናገርም። የጎንደር እጣቢ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች፣ ከዚያ በመገጭ አድርጎ ጣና ይገባል። እዚያ እምቦጭ የተባለው አረም ይጠብቀዋል፤ ከእርሻው ማዳበሪያና ከከተማው ፍሳሽ ጋር የሚወርደው ፎስፌት ምግቡ ነው። ማሽን የሚፈልገው ትንሽ ሳሙና ከሳፋው ግማሽ ኦሞ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚለካው ከተገኘ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። በየዓመቱ ከጥር 11 በፊት ባለው ሳምንት ጎንደር በሙሉ ያጥባል። የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ ሲሞላ፣ ከተማው ደግሞ በጀሪካን ሲሞላ፣ የሁሉም ግቢ ገመድ ነጭ በነጭ ይሆናል። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ነው እትዬን የለመንኳቸው፤ ብርድ ልብሶቹን አውጥተን አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራት ብዬ።

የግፊቱን ችግር ያለፍነው በጆግ ነው። የሳሙናውን መሳቢያ ከፍተን፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ ከጀሪካን እየቀዳች ታቀብለኛለች፣ እኔ በመሳቢያው በኩል አፈሳለሁ። ማሽኗ ውሃው ከየት እንደመጣ አትጠይቅም፤ የሚበቃት ሲደርስ ታውቃለች። አንዱ ጀሪካን አለቀ፣ ጠጥታ ዞረች። ለማለቅለቂያው ስትጠማ ጮኸች፤ እንደገና አፈሰስን። የማፍሰሻ ጎማዋን ከጉድጓዱ አውጥተን ሳፋ ውስጥ ከተትነው። መብራቱ ሁለት ሰዓት ያህል ታገሠን፤ መጨመቅ ጀምራ ሳለች ጠፋ። ልብሱን በእጃችን ጠምዝዘን አሰጣነው።

እትዬ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አንድ በአንድ አነሱ፤ ሦስት ሆኑ፣ ሦስተኛው ውስጥ ጥቂት ቀርቶበታል። ከዚያ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብለው ከማሽኗ የወጣውን ውሃ አዩት። ጥቁር ነው።

«በሉ ይሄን እንዳትደፉት» አሉ፤ «ካልሲዎቹን አምጡልኝ።»